የመጀመሪያ መጽሐፍ መነሻና ድጋፍ፤ ከጋሞው አባ ባሕርይ እስከ «ልብ ወለድ ታሪክ»

ከዚህ በፊት መጽሐፍ ጽፎ የማያውቅ ሰው ልብ ወለድ ሊጽፍ ብርዕ ባነሣ ጊዜ ሁለት ነገር ያስጨንቀዋል። አንደኛው፥ ስለ ምን እንደሚጽፍ አለማወቁ ነው። ሁለተኛው፥ የጻፈውን ማን ይቀበለዋል የሚል ፍርሃት ነው። ይህ ጭንቀት ግን የዛሬ ሰዎች ብቻ አይደለም። ከአራት መቶ ዓመት በፊት፥ የአርባ ምንጭ ከተማ ገና ሳትቆረቈር፥ ከዓባያና ከጫሞ ሐይቆች በስተምዕራብ ከፍ ብሎ በሚታየው በጋሞ አገር የነበረ አንድ ካህን ይህንኑ ጭንቀት አግኝቶት ነበር።

ካህኑ የመዝሙረ ክርስቶስ ደራሲ አባ ባሕርይ ነው። በዘመኑ ሊቃውንት የሚጽፉት ገድልንና ድርሳንን፥ የነገሥታትንም ዜና መዋዕል ነበር። የሌላውን ሕዝብ ትውልድና ሥርዐት መርምሮ መጻፍ ግን ያልተለመደ ነገር ነበር። እርሱ በዐፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን፥ በ1585 ዓ.ም. ገደማ፥ ስለ ኦሮሞ ሕዝብ በግዕዝ አጭር ታሪክ ጻፈ።

ለመጻፍ ያነሣሣው ምን ነበር? የዘመኑ ጦርነት እስከ ጋሞ ደርሶ የእርሱም ንብረት ተዘርፎ ነበር። ይሁን እንጂ ኀዘን ብቻውን ቢሆን ኖሮ የጻፈው ሙሾ ይሆን ነበር። መጽሐፉን የወለደው ከኀዘኑ በኋላ የመጣው ጥያቄ ነው። ይኸውም፥ ቍጥራችን ብዙ፥ የጦር መሣሪያችንም ብዙ ሲሆን ስለ ምን እንሸነፋለን የሚል ነበር። አንዳንዶች ስለ ኀጢአት ነው እንደሚሉ አልደበቀም። ነገር ግን በዚያ አላቆመም፤ የራሱን ወገን ዐሥር ክፍል አድርጎ ቈጠረ። ከዐሥሩም ዘጠኙ ወደ ጦርነት የማይወጡ፥ ባለመውጣታቸውም የማያፍሩ መሆናቸውን አስረዳ። ቍጥሩንም የጀመረው ከመነኮሳትና ከደብተሮች፥ ማለት ከገዛ ወገኖቹ ነው። ከእነዚያም ቀጥሎ ዳኞችን፥ አራሾችን፥ ነጋዴዎችን፥ ጠቢባንንና አዝማሪዎችን ዘረዘረ። ጥያቄው እውነተኛ ስለ ነበረ መልሱ ለጸሓፊው ለራሱም አልራራለትም።

ድጋፉንስ ከወዴት አገኘ? ክፉ ያሉትን ሕዝብ ታሪክ እንደ ደጋጎች ታሪክ ስለ ምን ጻፍህ የሚል ነቃፊ እንደሚነሣበት ዐውቆ፥ መልሱን በመጽሐፉ መጀመሪያ አኖረ። መልሱም፥ የእስላም ነገሥታትን ታሪክ፥ የፋርስንም ነገሥታት ታሪክ ቀደምት ሰዎች ጽፈዋል የሚል ነው። ምስክር አድርጎ የጠራውም በ13ኛው መቶ ዓመት የነበረውን፥ መጽሐፉ ከዐረብ ወደ ግዕዝ የተመለሰለትን ጊዮርጊስ ወልደ ዐሚድን ነው። እንግዲህ በአጠገቡ አርአያ ባያገኝ ከሩቅ አገር መጽሐፍ አርአያ ፈለገ።

መጽሐፉ ነቀፋ የለበትም ማለት አይደለም። ጦርነት በቃጠለው ልብ የተጻፈ ስለ ሆነ በሕዝቡ ላይ የተናገረው የቍጣ ቃል፥ በአርእስቱም ያለው ስም ዛሬ የማይገባ ነው። ነገር ግን ቍጣው እንዳይመረምር አላገደውም። በየስምንት ዓመቱ የሚተካካውን የሉባ ሥርዐት በየስሙ አስተካክሎ ስለ ዘረዘረ፥ ስለ ገዳ ታሪክ የሚመራመር ሁሉ እስከ ዛሬ ወደ እርሱ ይመለሳል። በ17ኛው መቶ ዓመትም የፖርቱጋሉ ኢየሱሳዊ መኑኤል ዴ አልሜዳ የኢትዮጵያን ታሪክ ሲጽፍ ተጠቅሞበታል።

ልብ ወለድ በአማርኛ ሲጀመርም ነገሩ ከዚህ የራቀ አልነበረም። የዘጌው ተወላጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በኢጣልያ በናፖሊ ከተማ አማርኛ ያስተምር ነበር። ለተማሪዎችም የሚነበብ የአማርኛ መጽሐፍ እጅግ ጥቂት ነበር። ስለዚህ አስቀድሞ ሰዋስው አሳተመ፤ በ1900 ዓ.ም. ደግሞ «ልብ ወለድ ታሪክ» የተባለውን ድርሰቱን በሮማ አሳተመ። ለአባ ባሕርይ የቀደሙት መጻሕፍት ድጋፍ እንደ ሆኑለት፥ ለአፈወርቅ ትምህርት ቤቱና ማተሚያ ቤቱ ድጋፍ ሆኑለት። የመጽሐፉ ስም ለዐይነቱ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ እስከ ዛሬ ልብ ወለድ ይባላል።

የሁለቱም መጽሐፍ አጭር ነው። በቅኔ ቤትም ተማሪ በመወድስ አይጀምርም፤ ሁለት ቤት ባላት በጉባኤ ቃና ይጀምራል። ቈጥሮም ለመምህሩ ይነግራል፥ መምህሩም ያርምለታል። ዛሬ በአርባ ምንጭም ሆነ በሌላ አገር የመጀመሪያ ልብ ወለዱን የሚያስብ ሰው ትልቅ መጽሐፍ ካልሆነ ብሎ አይዘግይ። እንቅልፍ የነሣውን አንድ ጥያቄ ይያዝ፤ ከቀደሙት አንድ አርአያ ይፈልግ፤ የጻፈውንም ሳያፍር ለሚያርመው ሰው ያንብብ።