የአንጀት ቢልሃርዝያ በራያ ቆላ

ሮቢትንና ቆቦን ይዞ እስከ አላማጣ በሚዘልቀው ሜዳ አካባቢ ጉበትን ከሚጎዱ በሽታዎች አንዱ የአንጀት ቢልሃርዝያ ነው። አስተላላፊው በመስኖ ቦይና በዝግታ በሚፈስ ወንዝ የሚኖር ቀንድ አውጣ ነው። ከእሱ የሚወጣው እጭ ውኃ የነካን ቆዳ በስቶ ይገባል። አድጎ ትል ሲሆን በአንጀት ደም ሥሮች ይኖራል። ጉበትን የሚጎዳው ግን ትሉ ሳይሆን እንቁላሉ ነው፤ በደም ተወስዶ ጉበት ውስጥ ይቀረቀርና ጠባሳ ይፈጥራል። ጣፊያ ያብጣል፣ ሲብስም በሽተኛው ደም ያስታውካል። የጉበት የደም ምርመራ ለረጅም ጊዜ ደህና መስሎ ሊቆይ ስለሚችል ጠባሳውን የሚያጋልጠው አልትራሳውንድ ነው።

ከቆቦ በስተሰሜን በዋጃ ጥሙጋ የተደረገና በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የሰገራ ምርመራን ከአልትራሳውንድ ጋር አጣምሯል፤ ከተመረመሩት ከግማሽ በላይ ተይዘው ተገኝተዋል። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ያደገውን ትል ይገድላል፣ ዳግም መያዝን ግን አይከላከልም፤ ልጆች እዚያው ቦይ ውስጥ እየዋኙ ክኒን ብቻ ማደል ግማሽ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ ቀንድ አውጣውን መቆጣጠር ነው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ተክል ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው በእንዶድ ላይ ምርምራቸውን ጀመሩ።