የፀሐይ ኃይል ማመንጫ በጋይንት ገጠር፡ ተጠቃሚው ማን ነው?

በደቡብ ጎንደር ዞን የላይ ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ንፋስ መውጫ ከወረታ ተነስቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልዲያ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ስሟ ነፋስን ቢያስታውስም የፀሐይ ሀብቷም የሚናቅ አይደለም። በኢትዮጵያ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል በአማካይ 5 ነጥብ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል እንደሚሆን ይገመታል። የፀሐይ ፓነል ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለፈ ቁጥር በእያንዳንዱ ዲግሪ 0 ነጥብ 4 በመቶ ያህል ምርት ስለሚቀንስ፣ ቀዝቃዛው የጋይንት ደጋ በዚህ ረገድ ከቆላው የተሻለ ነው። የክረምቱ ደመናና በረዶው ግን በጥናት ወቅት ሊታሰብባቸው ይገባል።

የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ለማቋቋም ሐሳብ ለወረዳ ወይም ለዞን በሚቀርብበት ጊዜ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት የፓነሉ ብዛት ሳይሆን ኃይሉ ወዴት እንደሚሄድ ነው። ትልቅ ጣቢያ ምርቱን የሚያስረክበው ለብሔራዊው የኤሌክትሪክ መረብ በመሆኑ፣ የማከፋፈያ መስመር ካልተዘረጋ ከአጥሩ ማዶ ያለው ቤተሰብ በኩራዝ ማምሸቱ አይቀርም። የመተሐራው 100 ሜጋ ዋት ፕሮጀክት በ2010 ዓ.ም. ለጣሊያኑ ኤኔል፣ በአፋር የዲቼቶና በሶማሌ የጋድ ፕሮጀክቶች እያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ በ2012 ዓ.ም. ለሳዑዲው አክዋ ፓወር በጨረታ መሰጠታቸው ይታወሳል። አክዋ ፓወር ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ያቀረበው ዋጋ 2 ነጥብ 526 የአሜሪካ ሳንቲም ሲሆን፣ በወቅቱ በአፍሪካ እጅግ ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ ነበር። ሆኖም ፕሮጀክቶቹ በታሰበላቸው ጊዜ አልተገነቡም።

ሁለተኛው ጥያቄ የመሬት ነው። ለአንድ ሜጋ ዋት 2 ሄክታር ገደማ እንደሚያስፈልግ ሲሰላ 100 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ 200 ሄክታር ያህል ይወስዳል። የብዙው ገበሬ ይዞታ ጠባብ በሆነበትና አፈሩ በተሸረሸረበት በጋይንት ይህ ቀላል አይደለም። በወረቀት ላይ «ባዶ» ተብሎ የሚመዘገበውም ብዙውን ጊዜ የወል ግጦሽ ነው። ካሣና መልሶ ማቋቋም በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 የሚመራ ሲሆን፣ በወል ይዞታ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ሳይጣራ ቦታ ማስረከብ ለኋላ ክርክር በር ይከፍታል። የሥራ ዕድሉም ቢሆን አብዛኛው በግንባታ ወቅት የሚገኝ ነው፤ ጣቢያው ሥራ ከጀመረ በኋላ ጥቂት ጥበቃዎች፣ ፓነል አጽጂዎችና ቴክኒሻኖች ብቻ ይበቁታል።

5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የገጠሩ ችግር ከማመንጨት ይልቅ በማድረስ ላይ መሆኑ ይበልጥ ግልጽ ሆኗል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ተበታትነው በሚገኙ መንደሮች ገደልና ሸለቆ አቋርጦ ምሰሶ መትከል ከሚገኘው የፍጆታ ገቢ ጋር አይመጣጠንም። በ2011 ዓ.ም. የተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም ለሕዝቡ ሁሉ በ2025 እ.ኤ.አ. ኤሌክትሪክ ለማዳረስ ሲያቅድ 35 በመቶ የሚሆነው ከዋናው መስመር ውጭ እንዲያገኝ ያሰበው በዚሁ ምክንያት ነበር። ዕቅዱ በተባለው ጊዜ አልተሟላም። የገጠር ኤሌክትሪፊኬሽን ፈንድም ከዚያ ቀደም ብሎ በአዋጅ ቁጥር 317/1995 መቋቋሙ ይታወቃል።

ከዋናው መስመር ውጭ ያለውን አሠራር ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚሁ በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ በምትገኘው ረማ፣ ሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ የቤት ውስጥ አነስተኛ የፀሐይ መሣሪያዎችን መትከል ጀምሮ፣ በረማና በአካባቢዋ የተተከሉት ከ2 ሺህ በላይ ደርሰዋል። ድርጅቱ በ2001 ዓ.ም. የእንግሊዙን የአሽደን ሽልማት አግኝቶበታል። ከመሣሪያዎቹ ቁጥር ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው አደረጃጀቱ ነው፤ ተጠቃሚው ለጥገና የሚውል ወርኃዊ ክፍያ ይከፍል ነበር፣ የቴክኒሻኖች ማሠልጠኛም በዚያው በረማ ተቋቁሟል። መሣሪያ አድሎ የተመለሰ ፕሮጀክት ባትሪው ሲደክም አብሮ እንደሚቆም በብዙ ቦታ የታየ ነው።

የቤት መሣሪያ ለመብራት፣ ለሬዲዮና ለስልክ ይበቃል። ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚስበውን የእንጀራ ምጣድም ሆነ የእህል ወፍጮ ግን አያንቀሳቅስም። እናቶች በእንጨትና በኩበት ጭስ መጋገራቸው ይቀጥላል። ወፍጮን፣ የጤና ጣቢያ የክትባት ማቀዝቀዣንና የውኃ ፓምፕን ለማሠራት መንደሩ የራሱ አነስተኛ ማመንጫና የራሱ መስመር ያስፈልገዋል፤ የዓለም ባንክ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ያጸደቀው የ500 ሚሊዮን ዶላር ፕሮግራም ከሚደግፋቸው ሥራዎችም አንዱ ይኸው ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ንፋስ መውጫ በጦርነቱ በተያዘችባቸው ቀናት የሕክምና ተቋማት መዘረፋቸው ሲታሰብ፣ ጤና ጣቢያዎችን መልሶ በማደራጀቱ ሥራ የፀሐይ ኃይል ቅድሚያ ቢያገኝ ተገቢ ነው። የእርሳስ አሲድ ባትሪ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መተካት ስላለበትም፣ የመተኪያው ወጪ ከየትኛው በጀት እንደሚሸፈን ከርክክቡ በፊት በስምምነቱ ላይ መስፈር ይኖርበታል።