አርባዎቹ ልጆችና አዲሱ አገር

አገሩን ለቅቆ የተሰደደ ሰው ስደቱ ድንበር በተሻገረበት ዕለት አያበቃም። ከባዱ ክፍል የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። እንጀራው በምን ስም እንደሚጠራ፣ ሰላምታ እንዴት እንደሚሰጥ፣ ሐዘንተኛ እንዴት እንደሚጽናና እንደ ሕፃን እንደገና ይማራል። ታሪክ ስለ መሰደድ ብዙ ጽፏል፤ ስለ መልመድ ግን የጻፈው ጥቂት ነው። የአዲስ አበባ አርመኖች ሕይወት ይህን ጉድለት በከፊል ይሞላል።

እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ በኦቶማን ግዛት በአርመን ሕዝብ ላይ ከተፈጸመው ፍጅት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች በኢየሩሳሌም የአርመን ገዳም ተጠልለው ነበር። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ገዳሙን ሲጎበኙ ልጆቹን አዩ፤ ከአርመን ፓትርያርክ ጋር ተስማምተውም አርባውን ለሙዚቃ ሥራ ወደ ኢትዮጵያ አስመጡ። የሙዚቃ መሪያቸው ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። የከተማው ሰውም «አርባ ልጆች» አላቸው።

የመጡት ግን ዘመድ ወደሌለበት አገር አልነበረም። ከእነርሱ በፊት የገቡ አርመኖች በእጃቸው ሙያ ኑሮ መሥርተው ነበር። ሰርኪስ ቴርዚያን በምኒልክ ዘመን ያስመጡትን የመንገድ መዳመጫ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ብሎ ሰይሞታል፤ የቦያጂያን ቤተሰብም የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኗል። ሃይማኖትም ድልድይ ሆኖላቸዋል፤ ይኸውም የአርመንና የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት በ451 የተደረገውን የኬልቄዶን ጉባኤ ባለመቀበል አንድ በመሆናቸው ነው። ስለሆነም መጤው ቋንቋውን ገና ሳይለምድ በቅዳሴው ዘመድ አገኘ።

ሙያና ሃይማኖት በር ይከፍታሉ እንጂ ቤተኛ አያደርጉም። ቤተኛ የሚያደርገው ቋንቋ ነው። ሙሴ ኬቮርክ የቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤን ግጥም ይዘው የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት መዝሙር ዜማ ደረሱ፤ መዝሙሩም በ1930 በተፈጸመው የዘውድ በዓል ተሰማ። ለአማርኛ ግጥም ዜማ የሚያወጣ ሰው ቃሉ ሲጠብቅና ሲላላ መለየት ግድ ይለዋል፤ «ገና» ሲጠብቅ በዓል ነው፣ ሲላላ ያልደረሰ ጊዜ ነው። ዜማው ለቃሉ ካልታዘዘ አድማጩ ባዕድነቱን ወዲያው ያውቃል። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በ1977 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ በማዘጋጃ ቤቱና በ1955 በተከፈተው ቴያትር ቤት ሙዚቀኞችን አሠልጥነዋል፤ የአገሩን ዜማም ለትልቅ ኦርኬስትራ አቀናብረዋል። እዚህ ላይ የለመደው መጤው ብቻ አይደለም፤ የአገሬው ጆሮም አዲስ ድምፅ ለምዷል።

ይሁን እንጂ ልምዱ ዋጋ ነበረው። የውሉ ዘመን ሲያበቃ ከአርባዎቹ ከፊሎቹ ተበታተኑ፤ ከፊሎቹ ቀርተው ትዳር ያዙ፣ ልጅ ወለዱ። አንድ ሕዝብ ቆሞ የሚያከብረውን ዜማ የደረሰ ሰው ከቶ እስከ መቼ እንግዳ ይባላል? ይህ ጥያቄ ሙሉ መልስ ሳያገኝ የ1974 አብዮት መጣ፤ መዝሙሩም በሌላ ተተካ። ንብረታቸው የተወረሰባቸው ብዙ አርመኖች ወደ ሰሜን አሜሪካና ወደ ሌሎች አገሮች ተሰደዱ። የስደተኛ ልጆች እንደገና ስደተኞች ሆኑ። አያቶቻቸው የናፈቁት አገር በኦቶማን ግዛት የቀረው መንደር ነበር፤ የእነርሱ ናፍቆት ግን አዲስ አበባ ሆነች።

የቀረው ማኅበረሰብ ዛሬ ቁጥሩ እጅግ አንሷል፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ የአርመን ቤተ ክርስቲያን ግን በከተማው መካከል ቆሟል። ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አዲስ አገር መልመድ ማለት የቀድሞውን መርሳት ማለት አይደለም፤ ቢሆን ኖሮ አርመኖቹ ቤተ ክርስቲያን ባልሠሩ ነበር። ዝም ብሎ መመሳሰልም አይደለም፤ ቢሆን ኖሮ የሚሰጡት ነገር ባልኖራቸው ነበር። መልመድ ተቀባዩም የሚደክምበት የጋራ ሥራ ነው። እንግዳውን ዘፈኑን ተቀብሎ ስሙን የሚረሳ አገር ሥራውን በግማሽ ትቶታል።