ወደ ጉና የሚወጣው ዓሣ

ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው «ዓሣ ማጥመድ እችላለሁ» ቢል የሚከራከረው የለም። እኔም በልጅነቴ በተቆለመመ ሽቦ፣ በሲባጎና በትል ከጣና ዳር ቀረሶ አውጥቻለሁ። ስለዚህ ከጥቂት ዓመታት በፊት ውጭ አገር የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ለገና ሲመጣ፣ ከሻንጣው አራት ቦታ የሚገጣጠም ቀጭን ዘንግ አውጥቶ «እኔ የማጠምደው በዝንብ ነው» ሲለኝ ሳቄ አመለጠኝ።

ዝንቧን መዳፌ ላይ አኖራት። ከትንሿ ጣቴ ጥፍር አትበልጥም። መንጠቆዋ በቀይ ክር ተጠምጥሟል፤ አናቷ ላይ ከአውራ ዶሮ አንገት የተነቀለ ላባ ዙሪያዋን ጸጉሩን አንጨፍርሮ ቆሟል። ትል የለ፣ ሥጋ የለ። ዓሣው የሚታለለው በአይኑ ብቻ ነው።

ፈረንጆች ፍላይ ፊሺንግ የሚሉት ይህ ጨዋታ ዕድሜው ከሚመስለው በላይ ነው። በ200 ዓመተ ምሕረት ግድም የኖረው ሮማዊው ጸሐፊ ኤልያን የመቄዶንያ ሰዎች መንጠቆ ላይ ቀይ ሱፍና የዶሮ ላባ አስረው ነቁጣም የወንዝ ዓሣ እንደሚይዙ ጽፏል። ኋላ እንግሊዞች የባላባት ጨዋታ አደረጉት። በዝንብ ሲጠመድ የኖረው ደግሞ በተለይ ትራውት የሚባለው፣ ቀዝቃዛና ጥርት ያለ የተራራ ውሃ የሚወድ ዓሣ ነው።

«እኛ አገር ትራውት አለ?» አለኝ የአክስቴ ልጅ።

አለ፤ ግን ባሌ ነው፤ እሱም መጤ ነው። እንግሊዞች እንቁላሉን በ1905 (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያንብቡልኝ) ወደ ኬንያ አምጥተው በተራራ ወንዞች ዘሩት። ከኬንያ ደግሞ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ወደ ባሌ ተሻግሮ በዲንሾ አካባቢ በዌብ፣ በዳንካና በሻያ ወንዞች ተለቀቀ። ከባሕር ዳር ዲንሾ ድረስ ለአንድ ዓሣ የሚሄድ ጤነኛ ሰው አይደለም። «ከዚሁ ከደጃችን ግን ትራውት መሳይ አለ» አልሁት። ነገሩን ያነበብሁት ብዙም ሳይቆይ ስለነበር ለመናገር ቸኩያለሁ።

ጣና ላይ «ነጭ ዓሣ» የምንለው አንድ ዓሣ አይደለም። ሐይቁን የሠራው እሳተ ገሞራ ነው፤ የቀለጠ ድንጋይ ፈስሶ የዓባይን መውጫ ዘጋ። ውሃው ዛሬ ጢስ ዓባይ ላይ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል ስለሚወረወር፣ ከሥር የመጣ ዓሣ ወደ ጣና ሊወጣ አይችልም። እንዲህ ከዘመዶቹ የተቆረጠው ነጭ ዓሣ በሐይቁ ውስጥ ለየራሱ መልክ እየያዘ ቢያንስ 15 ዝርያ ሆነ። ከእነዚህ ስምንቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ናቸው። ለዓሣ አዋቂ ይህ የሚገርም ነው፤ ምክንያቱም የነጭ ዓሣ ወገን መንጋጋው ላይ አንድም ጥርስ የለውም። የማያምን ካለ ጠዋት ወደ ሐይቁ ዳር ወርዶ፣ ጀልባ ከሚያራግፉት አንዱን ለምኖ ጣቱን ነጭ ዓሣው አፍ ውስጥ ያስገባ። ከንፈሩ እንደ ጎማ ይለጠጣል፣ ውስጡ ለስላሳ ነው፤ ጥርስ የሚመስለው አጥንት የሚገኘው ወደ ጉሮሮው ጠለቅ ሲሉ ነው። ይህን ይዞ አዳኝ መሆን ድዱን ይዞ አጥንት እንደሚቆረጥም ሽማግሌ ነው።

ከስምንቱ አዳኞች አንዱ ቀጠን፣ ረዘም ያለ፣ ብርማ ዓሣ ነው። የሆላንድ ተመራማሪዎቹ ሊዮ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ በ1997 ስም ሲያወጡለት «ትሩቲፎርሚስ» አሉት። ላቲን ነው፤ ትራውት መሳይ ማለት ነው። ይህም ብቻ አይደለም፤ ከሐይቁ ወጥቶ ከተራራ የሚወርዱ ወንዞችን ሽቅብ ይያያዛል።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ ልመለስ፤ የነጭ ዓሣ ስም አወጣጥ ራሱን የቻለ ታሪክ ነውና። በ1832 ጎንደር የገባው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ዘመነ መሳፍንት የሚያምሳትን አገር እየዞረ ወፍ፣ አውሬና የብራና መጽሐፍ ሰበሰበ፤ ዓሣም አልቀረውም። በ1835 የፍራንክፈርት ሙዚየም ባሳተመው ጽሑፉ ለጣና ዓሦች ያወጣላቸው ስም ከማን አፍ እንደሰማው ራሱ ይመሰክራል። ቤሶ፣ ጎርጓሪ፣ ሱርኪስ፣ ነድጊያ። ቤሶ ዛሬም ዓሣ አስጋሪው «ቤዞ» የሚለው ነው። ጎርጓሪን አማርኛ ለሚናገር ጆሮ መተርጎም አያስፈልግም፤ «ነድጊያ»ም በጀርመን ምላስ የተጣመመ «ነጭ» ይመስለኛል። አንዷን ትንሽ ዓሣ ደግሞ በደምቢያ ስም ጠራት። እንግዲህ ሩፔል በሳይንስ ስም የመዘገበው ቀድሞ በሐይቁ ዳር በሰው አፍ የነበረውን ነው። ያኔ ጣናን በደንገል ታንኳ የሚያውቀው በተለይ ወይጦው ነበር፤ ስሙ ግን በእነዚህ የዓሣ ስሞች ውስጥ የለም።

ከሩፔል በኋላ ኤድዋርድ ደገን በ1902 ከጣና ሰብስቦ የወሰዳቸውን ዓሦች ለንደን ላይ የዓሣ ሊቁ ቡሌንገር መረመራቸው፤ አንዱንም በደገን ስም ጠራው። ጣሊያኖች አገሪቱን በያዙ ጊዜ በ1937 በጆቶ ዳይኔሊ የሚመራ የጥናት ቡድን ወደ ጣና ላኩ። ቢኒ የተባለው የዓሣ ሊቃቸው በ1940 አንዱን ዓሣ በአለቃው በዳይኔሊ ስም፣ ሌላውን በጣና ዳሯ በጎርጎራ ስም ጠራ። እንዲህ ስም በስም ላይ ሲከመር ቆይቶ በ1973 እንግሊዛዊው ባኒስተር የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ትልልቅ ነጭ ዓሦች ሲመረምር የጣናዎቹን ጠቅልሎ «ሁሉም አንድ ናቸው» ብሎ ፈረደ። በዚህ ሳይንቲስቱ ለንደን፣ የእኛ ዓሣ ቤቶች ባሕር ዳር ሆነው ተስማሙ ማለት ነው። ጉላሽ ቢሆን፣ ኮተሌት ቢሆን፣ ለአስተናጋጁ ነጭ ዓሣ ነጭ ዓሣ ነው።

ባኒስተርን አልወቅስም፤ አልኮል ውስጥ የተነከረ ዓሣ ማዶ ሆኖ ሲያዩት ሁሉም አንድ ይመስላል። ናገልከርከና ባልደረቦቹ ግን ባሕር ዳር ተቀምጠው በሺህ የሚቆጠር ዓሣ ለኩ። የት እንደሚውል፣ ምን እንደሚበላ፣ የት እንደሚራባ ተከታተሉ። በ1994 ባወጡት ጽሑፍ ርእስ ላይ የጣናን ነጭ ዓሦች «የተረሳ መንጋ» (በአንድ ሐይቅ ከአንድ ዘር የወጡ ዝርያዎች ስብስብ) ይሆኑ እንዴ ብለው ጠየቁ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ዝርያዎቹን አንድ በአንድ ለይተው ስም ሰጡ። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ ሐይቅ ላይ ተመሳሳይ መንጋ ነበር፤ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። እንዲህ ያለ የነጭ ዓሣ ወገን መንጋ በዓለም ላይ ሳይጎድል የቀረው የእኛው ብቻ ነው ይባላል።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ ከነገርሁት በኋላ ከጉዞው ማን ያስቀረዋል። በማግስቱ የጎንደሩን አስፋልት ይዘን ሐሙሲት ደረስን፤ ከዚያ አስፋልቱን ትተን ወደ ዋንዛዬ ፍል ውሃ አቀናን። ጉማራ ከጉና ተራራ ወርዶ በዋንዛዬ በኩል አድርጎ ጣና የሚገባ ወንዝ ነው። (ጉማራን ከጉማሬ ጋር የሚያምታታ እንግዳ ብዙ ነው፤ ወንዙ አይናከስም።) ታኅሣሥ ስለነበር ውሃው ጎድሎ ጠጠሩ ይታያል፤ ጥራቱ ሊጠጡት ያስመኛል። «ይህማ የመጽሔት ወንዝ ነው» አለ የአክስቴ ልጅ። ፍል ውሃ የመጡ ጠበልተኞች ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ሊያዩን ቆሙ።

ዘንጉን መወርወር ጉልበት አይጠይቅም፤ ጊዜ መጠበቅ ይጠይቃል። ክሩ ከኋላ ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ መታገሥ፣ ከዚያ ወደፊት መሸኘት ነው። እኔ አልታገሥሁም። የመጀመሪያ ውርወራዬ ከኋላዬ ካለ ዋንዛ ላይ ተሰቀለ። አንድ እረኛ ያለ ጫማ እንደ ጦጣ ወጥቶ አወረደልኝና ዝንቧን አገላብጦ አየ። «ይችን ነው ዓሣው ሚበላት?» አለ። ሁለተኛዋ ዝንብ ድንጋይ ሥር ቀረች። ሦስተኛዋ ውሃው ላይ በሥርዓት አርፋ ከሁለት ክንድ በላይ ተንሳፈፈች፤ የነካት የለም።

ከሁለት ሰዓት በላይ ሞከርን። የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ አንድ ስንዝር የምትሆን፣ አፏ ዳር ጢም ያላት ነጭ ዓሣ ያዘ። መንጠቆውን በጥንቃቄ ነቅሎ መልሶ ወንዙ ውስጥ ለቀቃት። እረኛው አፉን ይዞ «ውይ! ምነው ለቀቃት?» ሲል መመለስ አቅቶኝ ዝም አልሁ። ከባሕር ዳር ድረስ መጥቶ፣ ነዳጅ አቃጥሎ፣ ይዞ መልቀቅ፤ እውነት ለመናገር እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም።

ከእኛ ራቅ ብለው ከብት ሲያጠጡ የነበሩ አዛውንት መጥተው ሰላምታ ሰጡን። ምን እንደምንፈልግ ስነግራቸው ፈገግ አሉ።

«ልጄ፣ ትልቁ ዓሣ እኮ አሁን የለም። የሚወጣ በነሐሴ ነው፤ ደፍርሶ ሲሞላ። እንቁላሉን ጠጠር ላይ ይጥልና ወደ ባሕሩ ይመለሳል። ታኅሣሥ ላይ ማን ይጠብቅሃል?»

ተመራማሪዎች ለዓመታት መረብ ይዘው ያረጋገጡት ይኸው ነው። ከ15ቱ ግማሽ ያህሉ፣ ትራውት መሳዩ ጭምር፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭ፣ በድርማና በአርኖ ጋርኖ ወደ ላይ ይወጣሉ። እንቁላላቸው እንዲፈለፈል ግን ጥርት ያለ፣ አየር ያለው፣ ጠጠር ላይ የሚሮጥ ውሃ ስለሚያስፈልገው ደፍራሹን አልፈው ወደ ገባሮቹ ይገባሉ። ዝንባችን ጥፋት አልነበረባትም፤ ያነበብሁት ነገር የሚሆንበትን ወር ሳናይ ነው የመጣነው። በነሐሴ ብንመጣ ደግሞ የምንይዘው እናቲቱን ነበር።

አዛውንቱ የድሮውን አጠማመድም ነገሩን። የብርብራ ፍሬ ወቅጠው፣ ወንዙ የሚተኛበት ኩሬ ላይ ሲበትኑት ዓሣው ሰክሮ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። «ትልቁም ትንሹም አንድ ላይ ነው የሚያልቅ» አሉ፤ እየኮሩ ይሁን እየተቆጩ ከፊታቸው ማንበብ አልቻልሁም።

ሐይቁን ያደኸየው ግን ብርብራ ብቻ አይደለም። በ1986 የሆላንድ የዓሣ ከተማ ከሆነችው ከኡርክ የመጣ የቤተ ክርስቲያን ረድኤት ድርጅት ከመንግሥት ጋር ሆኖ ሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ጣና አስገባ። ዓላማው ድሃ አጥማጅን መርዳት ነበር፤ ረድቷልም። እስከዚያ ድረስ ታንኳ ከዳር ብዙ አይርቅም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መረቡ ሐይቁን ተሻግሮ የወንዞቹ አፍ ድረስ ደረሰ። በነሐሴ እንቁላል ተሸክመው ወደ ጉማራና ወደ ርብ የሚጎርፉት ነጭ ዓሦች እዚያው በር ላይ ተጠመዱ። ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ በ2004 እንዳሳተሙት ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት ውስጥ የጣና ነጭ ዓሣ ክምችት በክብደት 75 በመቶ ቀንሷል። በጣና ዓሦች ጥናት የእኛዎቹም ምሁራን አሉ፤ ተስፋዬ ውድነህ በባሕር ዳር ባሕረ ሰላጤ የዓሣ ክምችት፣ እሸቴ ደጀን በጣና ትንንሽ ነጭ ዓሦች፣ ዋሴ አንተነህ ዓሦቹ በሚራቡባቸው ወንዞች ላይ ለዓመታት ሠርተዋል። በ2003 የፌደራል የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315ም ወጥቷል። መረቡ ግን አዋጅ አያነብም። በዚህ ላይ ለግንባታ የሚዛቀው አሸዋ ዓሣው እንቁላሉን የሚጥልበትን ጠጠር ይዞት ይሄዳል፤ የፎገራን ሽንኩርት የሚያጠጣው ፓምፕ ደግሞ የቀረውን ውሃ ይስባል።

ዓሣ አስጋሪውን ብቻ መውቀስ ይቀለናል። ገበያውን የምናሞቀው እኛው ነን፤ በተለይ ዓሣ በሚበላባቸው አጽዋማት። ፍልሰታ የሚገባው ደግሞ በነሐሴ ነው፤ ዓሣው ወደ ወንዝ በሚነሣበት ወር።

የአክስቴ ልጅ ዘንጉን ይዞ ሲመለስ ከዋንዛው ላይ የወረደችዋን ዝንብ ለእረኛው ሰጠው። እኔ የፈለግሁትን ትራውት መሳይ እስከ ዛሬ በአይኔ አላየሁትም፤ ምናልባት በልቼው ይሆናል።

ከነሐሴ እስከ ጥቅምት በገበያም ሆነ በዓሣ ቤት ሆዱ እንቁላል የሞላ ነጭ ዓሣ ሲቀርብላችሁ አትግዙ። ቀረሶ ወይም አምባዛ ጠይቁ።