ከአራስ ቤት እስከ ግማሽ ማራቶን፤ የሯጭ እናቶች ታሪክ አጭር ቅኝት

ግማሽ ማራቶን የሚባለው ሩጫ ርዝመቱ 21 ኪሎ ሜትር ከ97 ሜትር ተኩል ነው። ይህን ርቀት ለመሮጥ የሚነሣ ሰው የሚዘጋጀው ለዕለቱ ውድድር ብቻ ሳይሆን ከዚያ በፊት ላሉት በርካታ ሳምንታት ጭምር ነው። በየሳምንቱ ደጋግሞ ለልምምድ ከቤቱ ይወጣል፤ ደኅና ምግብ ይመገባል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚያሳርፍ እንቅልፍ ይተኛል። ጡት የሚጠባ ሕፃን ባለበት ቤት ግን ከምንም ይልቅ የሚጠፉት ጊዜና እንቅልፍ ናቸው። ስለዚህም ሕፃን ያላት እናት ረጅም ርቀት ሮጠች በተባለ ቁጥር ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው «ሰውነቷ ይችለዋልን?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «እርሷ ስትሮጥ ሕፃኑን ማን ይይዛል? ሳትሮጥ በምትቆይባቸው ወራትስ ኑሮዋን ማን ይችላል?» የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የመጀመሪያው ጥያቄ በምን ሁኔታ መልስ እንዳገኘ፣ ሁለተኛው ግን ለምን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ሳይመለስ እንደቆየ ማሳየት ነው። የአገራችን አዋጅ ከወጣበት ቁጥር በቀር በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሴቶች ሩጫ ታሪክ የሚጀምረው በክልከላ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1928 በአምስተርዳም በተደረገው የኦሊምፒክ ጨዋታ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በ800 ሜትር ተወዳደሩ። ጀርመናዊቷ ሊና ራድከ በ2 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ከ8 አሸነፈች። በማግሥቱ ግን አንዳንድ ጋዜጦች ሴቶቹ በድካም ብዛት ሜዳው ላይ እንደ ቅጠል ረገፉ ብለው አጋንነው ጻፉ። በኋላ የውድድሩን መዛግብት የመረመሩ ጸሐፊዎች እንዳስረዱት ለፍጻሜ የቀረቡት 9ኙም ሴቶች ሩጫውን ጨርሰዋል። ይሁን እንጂ ውሳኔው በወሬው ላይ ተመሥርቶ ስለ ተሰጠ፣ የሴቶች 800 ሜትር እስከ 1960 የሮም ኦሊምፒክ ድረስ ለ32 ዓመታት ከኦሊምፒክ ተሰረዘ። በዚያን ዘመን ብዙ ይሰማ የነበረው አስተያየት፣ ረጅም ሩጫ የሴትን ማሕፀን ይጎዳል፣ ለመውለድ የተሰጣትንም ኀይል ያባክናል የሚል ነበር። ወልዳ ስለምትሮጥ ሴት ማሰብ ደግሞ ጨርሶ ከሰው ሐሳብ የራቀ ነበር።

ይህን አስተሳሰብ በመጀመሪያ ያናጋችው ሆላንዳዊቷ ፋኒ ብላንከርስ ኩን ናት። በ1948 ለለንደን ኦሊምፒክ ስትቀርብ ዕድሜዋ 30 ዓመት ሲሆን የሁለት ልጆች እናት ነበረች። ልጆቿን ትታ አጭር ቁምጣ ለብሳ መሮጧ አያምርም ብለው የነቀፏት ብዙዎች ነበሩ። እርሷ ግን በ100 ሜትር፣ በ200 ሜትር፣ በ80 ሜትር መሰናክልና በ4 ጊዜ 100 ሜትር ዱላ ቅብብል አራት የወርቅ ሜዳልያዎችን አግኝታ ተመለሰች። አሠልጣኟ ባለቤቷ ያን ብላንከርስ ስለ ነበር ልምምዱና የቤቱ ኑሮ በአንድ ጣራ ሥር የሚመከርባቸው ጉዳዮች ሆነውላት ነበር። የብላንከርስ ኩን ሩጫ አጭር ርቀት ቢሆንም፣ መውለድ የሯጭነት ፍጻሜ አለመሆኑን ለዓለም አሳይቷል።

ረጅሙ ርቀት ግን ለሴቶች እንደ ተዘጋ ቆየ። በ1967 ካትሪን ስዊትዘር በቦስተን ማራቶን ስትሮጥ አንድ የውድድሩ ኀላፊ ከመንገድ ሊያስወጣት መሞከሩ በፎቶግራፍ ተቀርጾ ይገኛል። ቦስተን ሴቶችን በይፋ የተቀበለው በ1972 ሲሆን ኦሊምፒክ የሴቶችን ማራቶን የጀመረው በ1984 በሎስ አንጀለስ ነው። በዚያ የመጀመሪያ የኦሊምፒክ ማራቶን አራተኛ ሆና የፈጸመችው ኖርዌያዊቷ ኢንግሪድ ክርስቲያንሰን የአንድ ሕፃን እናት ነበረች። ልጇን የወለደችው በነሐሴ 1983 ሲሆን አምስት ወር ገደማ ቆይታ በጥር 1984 የሂዩስተንን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ከ51 ሴኮንድ አሸነፈች። በሚያዝያ 1985 ደግሞ በለንደን በ2 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ6 ሴኮንድ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረች፤ ይህም ክብረ ወሰን እስከ 1998 ድረስ የሚሻገረው አልተገኘም። ክርስቲያንሰን የኖርዌይ ክረምት ሲከፋ ልምምዷን በቤት ውስጥ በመሮጫ ማሽን ላይ ታደርግ ነበር። ለብርድ መከላከያ የተወሰደው ዘዴ ከሕፃን አልጋ ሳይርቁ ለመሮጥም የሚያመች ነበር።

በግማሽ ማራቶን ታሪክ የእናት ስም የተጻፈው ገና ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። የስኮትላንዷ ሊዝ ማኮልገን ሴት ልጇን አይሊሽን የተገላገለችው በኅዳር 1990 ነው። በመጋቢት 1991 በአንትወርፕ በተደረገው የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር ሦስተኛ ወጣች፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ በቶኪዮ የ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች፤ በኅዳርም የኒውዮርክን ማራቶን አሸነፈች። በመስከረም 1992 በኒውካስል የመጀመሪያው የዓለም ግማሽ ማራቶን ሻምፒዮና ሲካሄድ የሴቶቹን ውድድር ቀድማ የጨረሰች እርሷው ነበረች። ያቺ ሕፃን አይሊሽም አድጋ በ2022 በበርሚንግሃም የኮመንዌልዝ የ10,000 ሜትር አሸናፊ ሆናለች።

በአንትወርፕ ከማኮልገን ቀድማ ሁለተኛ የወጣችው ወጣት የአርሲዋ ደራርቱ ቱሉ ነበረች። ደራርቱ በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ስታገኝ የኦሊምፒክ ወርቅ የተሸለመች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። በ1996 በአትላንታ አራተኛ በወጣች ጊዜ ዘመኗ አልፏል ያሉ ነበሩ። በ1998 ልጅ ወለደች። ከሁለት ዓመት በኋላ በ2000 በሲድኒ በ30 ደቂቃ ከ17 ሴኮንድ ከ49 ሁለተኛውን የኦሊምፒክ ወርቅ ወሰደች፤ በ37 ዓመቷም በ2009 የኒውዮርክን ማራቶን አሸነፈች። ጥሩነሽ ዲባባም በመጋቢት 2015 ወንድ ልጅ ከተገላገለች በኋላ በነሐሴ 2016 በሪዮ የ10,000 ሜትር ነሐስ አግኝታለች። የሮጠችበት 29 ደቂቃ ከ42 ሴኮንድ ከ56 ከመውለዷ በፊት በዚሁ ርቀት ካስመዘገበችው ሰዓት ሁሉ የፈጠነ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ መልሱን አግኝቷል። ይሁን እንጂ ሰውነት ይችላል ማለት ወዲያው ይችላል ማለት አይደለም። በእርግዝና ጊዜ የእናት ደም ይበዛል፤ ልብዋም ከቀድሞው የበለጠ ይሠራል። ከወሊድ በኋላ ግን መጋጠሚያዎች ላልተው፣ ማሕፀንንና ፊኛን ደግፈው የሚይዙት ጡንቻዎች ደክመው፣ የደም ብረትም ቀንሶ ሊገኝ ይችላል። በ2019 የእንግሊዝ ፊዚዮቴራፒስቶች ያወጡት መመሪያ ከወሊድ በኋላ ሦስት ወር ሳይሞላ ወደ ሩጫ መመለስን አይመክርም። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ሕፃን እስከ ስድስት ወር ድረስ የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመክራል። የአገራችን ሰው ይህን ምክር ከመጻሕፍት አልጠበቀም። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና እስኪነሡ ድረስ አራስ ገንፎ እየተገነፋላት ትታረሳለች፤ ውኃውን የሚቀዳ፣ እንጀራውን የሚጋግር ዘመድና ጎረቤት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ወደ ሁለተኛው ይዞራል። ታዋቂ ሯጭ በአብዛኛው የምትኖረው በወር ደመወዝ ሳይሆን ከስፖርት ትጥቅ አምራቾች ጋር በምትፈራረመው ውል ነው። ውሉ ደግሞ ሩጫን እንጂ አራስነትን አያውቅም ነበር። አሜሪካዊቷ ካራ ጋውቸር በመስከረም 2010 ወንድ ልጅ ወለደች። በ2019 በይፋ እንደ ገለጸችው፣ ኩባንያዋ ወደ ውድድር እስክትመለስ ድረስ ክፍያዋን ስለሚያቋርጥ፣ ከወለደች ከሦስት ወር በኋላ በሚደረግ ግማሽ ማራቶን ለመሮጥ ቀጠሮ ያዘች። በዚህ መካከል ሕፃኑ በጠና ታመመ። እናት ከታመመ ልጇ አጠገብ ከመሆንና ክፍያዋን ለሚያስመልሰው ውድድር ከመዘጋጀት አንዱን እንድትመርጥ ተገደደች። በሚያዝያ 2011 የቦስተንን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ52 ሴኮንድ አምስተኛ ሆና ፈጸመች። ውጤቱን ያየ ሁሉ አድንቋል፤ የተከፈለበትን ዋጋ ያወቁት ግን ጥቂቶች ነበሩ። እርሷና ሌሎች ሯጮች በግንቦት 2019 ጉዳዩን በአደባባይ ከተናገሩ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ኩባንያው በእርግዝና ምክንያት ለ18 ወራት ያህል የሯጮችን ክፍያ እንደማይቀንስ አስታወቀ።

የውድድር አዘጋጆችም የተማሩት ዘግይተው ነው። በ2021 በቶኪዮ ኦሊምፒክ በወረርሽኙ ምክንያት ቤተሰብ እንዳይገባ ሲከለከል፣ የሚያጠቡ እናቶች ሕፃኖቻቸውን ይዘው እንዲመጡ የተፈቀደው አቤቱታ ከቀረበ በኋላ ነው። በአትሌቶች መንደር ውስጥ የሕፃናት ማቆያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከፈተው ደግሞ በ2024 በፓሪስ ነው። አባት የሆነ ሯጭ ሲያሸንፍ ልጁን ማን ያዘለት ብሎ መጠየቅ የተለመደ ባለመሆኑ፣ ጉዳዩ የእናቶች የግል ችግር ተደርጎ ሲቆጠር ኖሯል።

ይህ ታሪክ ለሯጮች ብቻ የሚነገር አይደለም። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ሠራተኛ 30 ቀን የቅድመ ወሊድና 90 ቀን የድኅረ ወሊድ ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ሰጥቷል፤ ለአባት የተሰጠው 3 ቀን ነው። ሐኪሞች ለሯጭ የመከሩት ሦስት ወርና ሕግ ለሠራተኛ የሰጠው 90 ቀን አንድ ልክ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ሠራተኛዋ ግን በ91ኛው ቀን ወደ መሥሪያ ቤቷ ስትመለስ ሕፃኑ ገና ጡት ብቻ ከሚጠባበት ዘመን ግማሹ ይቀረዋል። ክርስቲያንሰን ማሽኑን ከቤቷ አስገብታ፣ ብላንከርስ ኩን ከባለቤቷ ጋር ተመካክራ የተወጡትን ችግር፣ አብዛኛዋ ሠራተኛ እናት በየማለዳው ሕፃኑን ለማን ትቼ ልሂድ እያለች ብቻዋን ትወጣዋለች። የእናት ጉልበት ከ1948 ጀምሮ ደጋግሞ ተፈትኖ አልፏል። አሁን መልስ የሚጠበቀው ከአሠሪዎች፣ ከውል አርቃቂዎች፣ ከአባቶችና ስለ አባሎቻቸው ከሚናገሩ የሙያ ማኅበራት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የሕፃናት ማቆያና የማጥቢያ ሰዓት ጉዳይ በአጀንዳ ተይዞ ሲመከርበት፣ ያን ጊዜ ሁለተኛው ጥያቄም መልሱን ማግኘት ይጀምራል።