እንደ ሉኬሚያ ታይቶ ስለሚጠፋው የአራስ ሕፃናት የደም ሕመም

የበሽታ ስም ሐኪሙን የሚያሳስትበት ጊዜ አለ። የዚህ አጭር ጥናት ዓላማ፣ ዳውን ሲንድሮም ባላቸው አራስ ሕፃናት ላይ እንደ ሉኬሚያ ታይቶ ራሱ የሚጠፋው የደም ሕመም እንዴት እንደ ታወቀ መግለጽና፣ ይህ ዕውቀት በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው ደጋ ለሚወለድ ሕፃን ያለውን ጥቅም ማሳየት ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሉኬሚያ የሚለውን ስም በ1847 ያወጣው ጀርመናዊው ሩዶልፍ ቪርኮቭ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ላንግደን ዳውን በ1866 ዛሬ በስሙ የሚጠራውን ሁኔታ ገለጸ። በ1954 ሹንክና ሌማን የተባሉ ሐኪሞች ሁለቱ በአንድ አራስ ሕፃን ላይ ተገናኝተው ስለ መታየታቸው በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ጻፉ። በ1959 ለዠን፣ ጎቲዬና ቱርፐን በፓሪስ የዳውን ሲንድሮም ምክንያት 21ኛው ክሮሞሶም ሦስት መሆኑ ነው ሲሉ አስታወቁ። በ1964 ደግሞ ኤንግልና ባልደረቦቹ ይህ ሕመም ስለ ታየባቸው 7 ሕፃናት ሲጽፉ «ጊዜያዊ» የሚለውን ቃል በርእሱ ላይ አኖሩ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው «እንዴት እናክመው?» ብቻ ሳይሆን «መታከም ያለበት የትኛው ነው?» የሚል ሆነ።

ምክንያቱ የተገለጠው በ2002 እና በ2003 ነው። ሕፃኑ ገና በማሕፀን ሳለ ደም የሚሠራው በጉበቱ ነው፤ በዚያም ጋታ-1 የተባለው ጂን ሲለወጥ ያልበሰሉ የደም ሴሎች ይበዛሉ። ከልደት በኋላ ደም የመሥራቱ ተግባር ወደ መቅኔ ስለሚዛወር፣ ሕመሙ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታመናል። ዳውን ሲንድሮም ካላቸው 10 አራሶች በ1ዱ ያህል ይታያል፤ አብዛኛውን ጊዜም በ3 ወር ውስጥ፣ ማለት ባላገሩ ሴት ልጁን በ80 ቀን ክርስትና በሚያስነሣበት ወራት ገደማ፣ ይጠፋል።

ሆኖም ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። ጉበታቸው የተጎዳ ወይም ሰውነታቸው ውሃ የቋጠረ ሕፃናት ሊሞቱ ስለሚችሉ፣ አነስተኛ መጠን ያለው ሲታራቢን ይሰጣቸዋል። ከዳኑትም ከ5ቱ 1 ያህሉን 4 ዓመት ሳይሞላው እውነተኛ ሉኬሚያ ይይዘዋል፤ እርሱም በጊዜ ከተደረሰበት በአብዛኛው የሚድን ነው።

የጂን ምርመራ ውድ ነው፤ የመጀመሪያው በር ግን የደም ጠብታና ማይክሮስኮፕ ነው። ይህም ለአገሩ እንግዳ አይደለም። በደምቢያ ሜዳ ከደረሰው የወባ እልቂት በኋላ፣ ደብረ ታቦር ባለችበት በቤጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት፣ የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ የተከፈተው በዚያው በ1954 ነበር። ለወባ የሚታየው የደም ጠብታ ይህንንም ሕመም ሊያመለክት ይችላል።

እንግዲህ ከጋይንት ወይም ከስማዳ አራስ ልጇን ታቅፋ ለመጣች እናት ሁለት የተሳሳቱ ቃላት አሉ። አንዱ «የደም ካንሰር ነው፤ ተስፋ የለውም» የሚለው ነው፤ ሁለተኛው «ጠፍቷል፤ አትመለሽ» የሚለው ነው። ታሪኩ የሚያስተምረን ሦስተኛውን ነው፤ ይኸውም «ሊጠፋ ይችላል፤ ነገር ግን እስኪያድግ ድረስ በየ3 ወሩ ደሙን እንየው» የሚለው ነው።