የሄደውና የቀረችው፦ የጉራጌ የከተማ ፍልሰት ታሪክ ከሁለት ወገን ሲነበብ



የዛሬው ንግግሬ ሥራ ፍለጋ ወደ ሩቅ ከተማ ስለ ሄደ ሰውና ወደ ኋላ ስለ ቀረ ቤተሰቡ ነው። ለማሳያነት የመረጥሁት የጉራጌ ሕዝብ ወደ አዲስ አበባ ያደረገውን ፍልሰት ነው። ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በከተሞቻችን ታሪክ ውስጥ ይህን ያህል ዕድሜ ያለው፣ ትውልድ ከትውልድ የተቀባበለው የሥራ ፍልሰት ጥቂት ነው። ሁለተኛ፣ ብዙ የተጻፈለት ቢሆንም የተጻፈው በአመዛኙ ስለ ሄደው ሰው ነው። መከራከሪያዬ አጭር ነው፦ ወንዱ መሄድ የቻለው ሴቲቱ መቅረት ስለ ቻለች ነው፤ እርሷም ቀርታ ቤቱን ማቆም የቻለችው በእንሰት ነው። ስለዚህ የመርካቶ ታሪክ ከእንሰቱ ጓሮ ተነጥሎ ሊጻፍ አይገባም።

ከመነሻው እንጀምር። ምዕራብ ጉራጌ ከረጅም ተቃውሞ በኋላ በ1881 ዓ.ም. ገደማ በምኒልክ ግዛት ሥር ጠቅልሎ ገባ። አዲስ አበባም የተቆረቆረችው በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ነው። አዲሱ አስተዳደር ከገባሩ ግብርና አገልግሎት ጠየቀ፤ ግብሩም ውሎ አድሮ ጥሬ ገንዘብ ሆነ። እንሰት ቤተሰብን ይመግባል እንጂ በቀላሉ ወደ ብር አይለወጥም። ብሩ የነበረው ከተማ ነው። በዚያ ላይ የሕዝቡ ብዛትና የመሬቱ ጥበት ተጨመሩበት። በሌላ በኩል አዲሲቱ ከተማ የሚቆፍር፣ የሚሸከም፣ የሚገነባ ጉልበት ትሻ ነበር፤ የባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ የጭነቱም የንግዱም መጠን አደገ። ዛሬ ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ ያን ጊዜ ግን ይህ የበርካታ ቀናት የእግር መንገድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለውን የምናውቀው ነው። የቀን ሠራተኛው ተሸካሚ ሆነ፤ ልጁ ሊስትሮ ጠረገ፤ ጥቂት ያጠራቀመው ሱቅ በደረቴ ይዞ ዞረ፤ የተሳካለት ሱቅ ከፈተ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ዋናውን ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ ወስዶ መርካቶን ሲመሠርት፣ ከ1933 ዓ.ም. በኋላም ቀድሞ በውጭ ዜጎች ተይዞ የነበረው የችርቻሮ ንግድ ቀስ በቀስ ሲለቀቅ፣ ስፍራውን ለመያዝ ከተዘጋጁት መካከል የጉራጌ ነጋዴዎች ቀዳሚዎች ነበሩ። ይህ ትረካ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል፦ በነዚያ ሁሉ ዓመታት የገጠሩን ቤት ማን አቆመው?

መልሱ ያለው በጓሮ ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው መጽሐፍ ርእስ ጉራጌን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብሎ መጥራቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። እንሰት ከተተከለ በኋላ እንደ አካባቢው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ገደማ ቆሞ ያድጋል፤ ድርቅን ይቋቋማል፤ አጨዳው በአንድ ወር ላይ አይወድቅም። ቤቱ ሲያስፈልገው የደረሰው ይቆረጣል። በሥራ ክፍፍሉ ማዘጋጀት፣ መትከልና ነቅሎ ማዛወር በአብዛኛው የወንድ ሲሆን፣ መፋቁ፣ ማብላላቱና ቆጮውንና ቡላውን ማዘጋጀቱ የሴት ነው፤ ወንድ እንሰት መፋቁ ነውር ነው። ፍቂያውም ጎረቤታሞች በየተራ ተሰባስበው በደቦ የሚሠሩት ነው። ጓሮውን የሚያለመልመው የከብት ፍግ ስለሆነ፣ ከብቶቹን ማየትም ፍጉን ማውጣትም በአብዛኛው በቤት በቀሩት ጫንቃ ላይ ወደቀ።

ይህን ከሰሜኑ የበሬ እርሻ ጋር እናነጻጽረው። እዚያ እርሻው ቀን አለው፤ ዝናቡ ሲጥል ያልታረሰ መሬት ዓመቱን ጦም ያድራል። ሴት በሬ ጠምዳ እንድታርስ ልማዱ ስለማይፈቅድላት፣ ባሏ የራቀ ሴት መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ምርቷን ትካፈላለች። የወንዱ መሄድ ቤቱን ወዲያው ያጎድለዋል። በእንሰቱ አገር ግን ባል ለወራት ቢርቅ የዕለቱ ማዕድ አይታጠፍም፤ ከባዱ የወንድ ሥራም እርሱ እስኪመለስ ወይም ዘመድ እስኪረዳ ሊቆይ ይችላል። ፍልሰቱ ቤተሰብ ሳይነቅል ለትውልዶች የዘለቀበት አንዱ ዐቢይ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። የከተማው አሠሪም ቢሆን ሳያውቀው ከዚህ ጓሮ ተጠቅሟል፤ ለተሸካሚው የሚከፍለው ዋጋ እጅግ ዝቅ ሊል የቻለው ሚስቱንና ልጆቹን የሚመግብ ሌላ ሥራ፣ ደመወዝ የሌለው ሥራ፣ ስለ ነበረ ነው።

ይህን ስል ግን የቀረችውን ሴት ኑሮ ማስዋቤ አይደለም። የሚጸናው ቤት በእርሷ ድካም ቢጸናም በስሟ አልነበረም። የጉራጌ ሴት በትዳር ሕግ ላይ ያላት ቅሬታ ከፍልሰቱም ይቀድማል፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቃቄ ወርድወት የፍቺ መብት ይከበር፣ በሚስት ላይ ሚስት መደረብ ይቅር ብላ በሰባት ቤት ጉራጌ ሸንጎ በየጆካ ፊት መቆሟን ትውፊቱ ያስታውሳል። ባልየው በራቀ ጊዜ ይህ ጥያቄ ይበልጥ ከበደ። ከተማ ሌላ ጎጆ የቀለሰ ባል ነበረ፤ መልእክቱ የጠፋ ባልም ነበረ። የምትጠብቀው ሴት ጓሮውን እየጠበቀች የምትጠብቀው ሰው ይመጣ እንደሆነ አታውቅም ነበር።

ሁለቱን ወገን ያገናኘው ትልቁ ድልድይ በዓል ነው፤ ለክርስቲያኑ መስቀል፣ ለሙስሊሙ አረፋ። በከተማ ዓመቱን ሙሉ የሠራ ሰው በዚያ ሳምንት አገሩ ይገባል። እርሱ ብርና ልብስ ይዞ ይመጣል፤ እርሷ ደግሞ ለወራት ያጠራቀመችውን ቅቤና ለበዓሉ ያቆየችውን ቆጮ ታቀርባለች። ድግሱ የሒሳብም ቀን ነበር ማለት እንችላለን፦ ዕዳ ይከፈላል፣ ጠብ ይታረቃል፣ ጋብቻ ይመከራል። ሰው አገሩ ላይ ስፍራ እንዳለው የሚያረጋግጠው በመምጣቱ ነው። በከተማም እቁቡ የንግድ መነሻ ሲያሰባስብ፣ እድሩ የሞተውን ይቀብር ነበር፤ የእድርን አመጣጥ ከጉራጌ ፍልሰተኞች ጋር የሚያያይዙ ጸሐፍት ጥቂት አይደሉም። በ1950ዎቹም የከተማው ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተው ወደ አገራቸው የሚወስድ መንገድ እስከ ማሠራት ደርሰዋል። መንገድ ከመሥራት የበለጠ ስለ ናፍቆት የሚመሰክር ሰነድ አላውቅም።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ አድርጎ ይዞታውን ለሚያለማው ሰጠ፤ የሐምሌ 19ኙ አዋጅ ደግሞ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት ወረሰ። ከተማ ያለው ሰው ጥሪቱን በኪራይ ቤት ላይ አውሎ ከሆነ በአንድ ቀን አጣ። ገጠር ያለው ይዞታ ግን የሚያለማው ሰው በስፍራው ነበረው፤ ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሚስቱ ናት። ሆኖም የገበሬ ማኅበሩ አባል ሆኖ የሚመዘገበው በአብዛኛው አባወራው ነበር። መሬቱን በመገኘቷ ያተረፈችው እርሷ፣ በመዝገቡ ላይ የሚነበበው ግን የሌለው ሰው ስም ነው።

እነሆ የታሪክ ባለሙያው ፈተና እዚህ ላይ ነው። የግብር ደብተር፣ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የንግድ ፈቃድ፣ ሁሉም የሄደውን ሰው ይዘዋል። በዚያ ዘመን መልእክት በአብዛኛው በሰው አፍ እንጂ በደብዳቤ ስላልሄደ፣ የቀረችው ያለችው ነገር ከተሸከመው ሰው ጋር ጠፍቷል። የቀረን የቃል ታሪክ ነው። በ1950ዎቹ ጎጆ የወጡት ሴቶች ዛሬ አርጅተዋል። ተማሪዎቼ ለመመረቂያ ጽሑፍ ወደ መርካቶ ሲወርዱ፣ ከነጋዴው ቃል ከተቀበሉ በኋላ አንድ ጥያቄ እንዲጨምሩ ሁልጊዜ አሳስባቸዋለሁ፦ «አገር ቤት ማን ነበረ?» መልሱን ተከትለው ሲሄዱ ብዙ ጊዜ የጽሑፋቸው ርእስ ይለወጣል።

ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ዛሬ ወደ ዓረብ አገሮች ለቤት ሠራተኝነት የምትሄደው ራሷ ሴቲቱ ናት፤ በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ሲመለሱ ፍልሰቱ ምን ያህል እንደ ሰፋ አይተናል። አሁን የቀረው ማን ነው? አያት ናት፤ ታላቅ እህት ናት፤ አንዳንዴም ባል ነው። የላከችው ገንዘብ በባንክ ይቆጠራል፤ ልጇን ያሳደገው እጅ ግን ዛሬም የሚቆጥረው የለም። ከመቶ ዓመት በኋላ የዚህን ዘመን ታሪክ የሚጽፍ ሰው እኛ ያጣነውን ምስክርነት እንዳያጣ፣ የቀሩትን ሰዎች ቃል ዛሬ በሕይወት ሳሉ መመዝገብ የኛ ኃላፊነት ነው።